ልል ኮንቨርተር

ማንሲ፣ ኢንዲያና
ጁን 2 ቀን 1987

ዴልመር፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ እንደ ድሮው ነው። ስለ ኮሪን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም። የእህቴ ልጅ ናት፤ ከመኪናው በፊት የእሷን ደህንነት ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለምን ስልክ እንደማላነሳ ጠይቀሃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር መፈተኛ ክፍል ውስጥ ቆሜ ጆሮዬን ጨርሼዋለሁ። ያም ባይሆን፣ ሰው በስልክ የተናገረውን ቁጥር በማግስቱ ይክዳል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ጻፍልኝ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አስቦ አስቦ ነው የሚሄደው» ብለሃል። ትክክል ነው። የሠራሁልህ ኮንቨርተር እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው፤ ያዘዝከኝም ይህንኑ ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት አስቀምጥና አንዱን ብቻ አስነሣ፤ የአንዱ ነፋስ ሌላውን ያዞረዋል። ኮንቨርተር ማለት ይኸው ነው፤ በነፋስ ፋንታ ዘይት ነው ያለው፣ አንደኛውን ሞተሩ ያዞራል፣ ሁለተኛው ካምቢዮውን ያዞራል። ጥብቅ ሲሆን ሞተሩ ገና በዝግታ ሲዞር መኪናውን ይይዛል፤ እግርህን ከፍሬን ስታነሳ ራሱ መሳብ ይጀምራል። ልል ሲሆን ሞተሩ በደቂቃ ሦስት ሺ አራት መቶ ዙር እስኪደርስ አጥብቆ አይይዝም። ለውድድር መልካም ነው፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሞተሩ ጉልበቱ ላይ ደርሶ ይጠብቅሃል። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጮህብሃል፣ ሰው ዞሮ ያይሃል፣ መኪናው ይለግማል፤ ከዚያ ሳታስበው ይዘላል። ዳገት ላይ ፍሬን ስትለቅ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ኮንቨርተሩ ሳይይዝ በተንሸራተተ ቁጥር የጠፋው ጉልበት ደግሞ የትም አይሄድም፤ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ ያልወደድኩት የደብዳቤህን የመጨረሻ መስመር ነው። «ሐዲዱ ጋ ያለው አቀበት ላይ ትንሽ ወደ ኋላ አለብን፣ ሳቅን» ብለሃል። ሳቅን ካልክ ብቻህን አልነበርክም። ማን ነበር? ያንን መሻገሪያ አውቀዋለሁ። ናዲንን የቀበርን ዕለት የከሰል ባቡር እስኪያልፍ የእህቴን ሬሳ ይዘን ሩብ ሰዓት ቆመንበታል።

የመኪናውን ክብደት፣ የኋላ ዲፈረንሻሉን ቁጥር፣ ማለትም ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ሲዞሩ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ከኮንቨርተሩ ጋር የላክሁልህ የዘይት ማቀዝቀዣ መገጠም አለመገጠሙን ጽፈህ ላክልኝ። የማይል ቆጣሪው 61,200 ላይ ነው ያልከውን መዝግቤዋለሁ።

ኦርቪን


ስሌት ፎርክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ጁን 15 ቀን 1987

የተከበርክ ፕሮፌሰር ሆይ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ኮሪን ከበስተኋላዬ ቆማ «አጎቴ ይቆጣሃል እንዴ?» አለችኝ። «አይደለም፣ እያስተማረኝ ነው» አልኳት። «ያው አይደል እንዴ» ብላ ሄደች። ስለዚህ ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። እንደ እናቷ ናት።

መኪናውን ሰው ሁሉ ወዶታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሃምበርገር ቤቱ ሜዳ ላይ ኮፈኑን ከፍቼ ስቆም የማይከበኝ የለም። ያ ሩዲ እንኳ፣ በሕይወቱ የሌላ ሰው ሞተር አመስግኖ የማያውቀው ሰውዬ፣ «ዴልመር፣ እስቲ አንዴ አስጩኸው!» ይለኛል። አስጮህኩት። «ወይ ጉድ፣» አለ፣ «ጩኸቱ ቻርልስተን ደረሰ፣ መኪናው ግን ገና እዚሁ ነው። ልክ እንደ ሚስቴ ወንድም!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄአለሁ። የሚስት ወንድም ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አይደለም እንዴ ፕሮፌሰር?

ክብደቱ ፋብሪካው እንዳወጣው ነው። ማቀዝቀዣው አለ። ዲፈረንሻሉ 4.10 ነው፤ ማርች ላይ በላክሁልህ ቅጽ ጽፌዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ። ስንት ጊዜ ልጻፈው?

ሐዲዱ ጋ አብሮኝ የነበረው ሩዲ ነው። መኪናውን የማወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ አታስብ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከመኪናው ሥር የተቃጠለ ዳቦ የመሰለ ሽታ ይመጣል፣ በተለይ ቀኑ ሲሞቅ። ትናንት 62,050 ላይ ሆኖ የካምቢዮውን ዘይት አየሁት፤ ጎድሎ አገኘሁትና ጨመርኩበት። ቀለሙ እንደ ሻይ ነው። ድሮ ቀይ አልነበረም እንዴ?

አማችህ ዴልመር


ማንሲ
ጁን 22 ቀን 1987

ዴልመር፣

61,200 እና 62,050። ልዩነቱ 850 ማይል ነው፤ ያውም ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ። ሃምበርገር ቤቱ ከደጃፍህ ሦስት ማይል አይርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ወጥቶ ይህን ሁሉ የሚጓዝ መኪና ሠርቼልህ ከሆነ ልታመሰግነኝ ይገባል። ዴልመር፣ እኔ የምኖረው በመቁጠር ነው። ማነው የሚነዳው?

«ማቀዝቀዣው አለ» ብለሃል። እኔ የጠየቅሁት መኖሩን አልነበረም። መኖሩንማ ራሴ አሽጌ የላክሁት ስለሆነ አውቃለሁ። ተገጥሟል ወይ?

ስለ ሽታው። ዘይቱ ሻይ የመሰለው ተቃጥሎ ነው። የካምቢዮ ዘይት በፋራናይት መቶ ሰባ አምስት ዲግሪ ላይ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከዚያ በላይ ሃያ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ሁለት መቶ አርባ ላይ መንደድ ይጀምራል። ሦስት መቶ ሊሞላ ሲቃረብ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ዲስኮች መያዝ ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ መኪናው አይሄድም። አስቦም አይሄድም። ይህ ደግሞ ቆሞ ሳለ አይደለም የሚመጣው፤ ሙቀቱ የሚገነፍለው አቀበት ስትወጣ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲታገል ነው።

ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ቁጠርልኝ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሣ፣ ሌላው መሬት ላይ ይሁን። ካምቢዮውን ነጻ አድርግ። በተነሣው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይም እንዲሁ። ሌላው ጎማ ስለማይዞር የተነሣውን በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው፤ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። አራት ጊዜ ዞሮ ትንሽ ካለፈ ቅጽህ እውነት ነው። የሚፈልገው ጠመኔና አሥር ደቂቃ ነው።

ቁጥሩን ሳላይ ምክር አልሰጥም። በግምት የሚሠራ ሰው ከፈለግህ ቡፎርድ ጋራዥ አጠገብህ ነው።

ኦርቪን


ስሌት ፎርክ
ጁላይ 6 ቀን 1987

ኦርቪን፣

ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ዓይኔ ከፋሲካ ወዲህ ከዳኝ። ስኳሩ ነው። ሐኪሙ መንጃ ፈቃዴን ወረቀት ጽፎ አሳገደብኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተም ጭምር፤ ትንቀኛለህ ብዬ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። መኪናውን የምትነዳው ኮሪን ናት። የእሷ ትንሿ መኪና ሞተሯ ተሰባብሮ ጓሮ ቆማለች። የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ሃያ ስድስት ማይል ይርቃል፣ መንገዱም በሐዲዱ በኩል ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ቅዳሜም እሷ ናት የምትወስደኝ። ከሃምበርገር ቤቱ መታጠፊያ ትንሽ ቀደም ብለን ቦታ እንቀያየራለን፤ የመጨረሻውን መቶ ሜትር እኔ ነድቼ እገባለሁ። ሜዳውን በልቤ ነው የማውቀው። ሰዎቹ ገና አልነቁም።

የዛን ቀን ሐዲዱ ጋ አብራኝ የነበረችውም ሩዲ ሳይሆን እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ብቻዋን ሆና አጋጥሟታል። የፊት ጎማዎቹ ሐዲዱን ረግጠው እዚያው ቆመባት፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ትረግጣለች፣ ከዚያ ዘሎ ወጣ። ማታ እየሳቀች ነገረችኝ። «አባዬ፣ ዘዴውን ደርሼበታለሁ፤ መፍራት የለም፣ አጥብቆ መርገጥ ነው፣ አስቦ አስቦ ይሄዳል» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ በረንዳው ላይ እቆምና ሞተሩ ከሐዲዱ ማዶ ሲጮህ እስክሰማ ድረስ አልቀመጥም።

ዲፈረንሻሉን አልቆጠርኩም። መኪና ሥር ተንበርክኮ ምልክት ለማየት ዓይኔ አይፈቅድልኝም። እሷን ቁጠሪ ብዬ አላስቸግራትም፤ ደክሟት ነው የምትመጣው።

እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ትምህርት መልስልኝ። እስከ መኸር፣ የእሷ መኪና እስኪሠራ ድረስ፣ በዚህ መኪና መሄድ ትችላለች ወይስ አትችልም? አዎ ወይም አይ በለኝ።

ዴልመር


ማንሲ
ጁላይ 13 ቀን 1987

ዴልመር፣

ስለ ዓይንህ አዝኛለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ቀሪውን ደብዳቤህን ግን ሦስት ጊዜ አንብቤው ሦስት ጊዜ ተናድጃለሁ። ልጅቱ ሐዲድ ላይ ቆማለች፣ አንተ ደግሞ ጠመኔ ለማንሣት ታመነታለህ። ዓይን የሌለው ሰው ዓይን ያላትን ልጁን «ነይ እዚህ፣ ይህን ቁጠሪልኝ» ይላል። ሃያ ስድስት ማይል ሄዳ አዛውንት ስታነሣና ስታስተኛ የምትውል ልጅ ጎማ ሁለት ጊዜ ማዞር አያቅታትም። እንድትቆጥር የማትፈልግበት ምክንያት ካለህ እሱን ጻፍልኝ።

አዎ ወይም አይ ብቻ የሚመልስልህ ከፈለግህ ሰባኪህን ጠይቅ። እኔ የምመልሰው ከቁጥር ነው።

ዲፈረንሻሉ 4.10 ከሆነ በሰዓት ስልሳ ማይል ስትነዳ ሞተሩ ሦስት ሺ ሁለት መቶ ግድም ይዞራል። ኮንቨርተሩ አጥብቆ ከሚይዝበት አጠገብ ስለሆነ መንሸራተቱ ጥቂት ነው፣ ሙቀቱም ጥቂት ነው። አቀበት ላይም ጎማው ጉልበት ስለሚያገኝ መኪናው ይነሣል። ነገር ግን ዲፈረንሻሉ፣ ገበያ ለመሄድ በተሠሩ መኪናዎች ላይ እንደሚገኘው 2.73 ቢሆን፣ በዚያው ስልሳ ማይል ሞተሩ ሁለት ሺ አንድ መቶ ብቻ ነው የሚዞረው። ያን ጊዜ ኮንቨርተሩ ቀኑን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ማይል እየተንሸራተተ ይውላል። ሃያ ስድስት ማይል ሄዶ ሃያ ስድስት ማይል ሲመለስ ዘይቱ እየፈላ ነው፤ እየፈላም ነው የቤትህ አቀበት ላይ የሚደርሰው። እንዲህ ላለ መኪና እኔ ይህን ኮንቨርተር ፈጽሞ አልሠራም ነበር። ቅጹን የማስሞላው ለዚህ ነው። ሰዎች ሜዳ ላይ ለጓደኞቻቸው የሚያወሩትን ቁጥር ይጽፉልኛል፤ እኔ ደግሞ በወሬ ላይ ብረት እበይዳለሁ።

አንተ ግን 4.10 ብለህ ፈርመህበታል። እንግዲያው መልሴ ይኸውልህ። ቅጽህ እውነት ከሆነ፣ ማቀዝቀዣውም ከተገጠመ፣ አዎ፣ ትንዳ።

አሁን እንቅልፍህን ተኛ።

ኦርቪን


ማንሲ
ጁላይ 30 ቀን 1987

ዴልመር፣

አልመለስክልኝም። ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን ሆነው።

ዛሬ የናዲንን ደብዳቤዎች የማስቀምጥበትን መሳቢያ ከፍቼ ነበር። በ1972 ይህንኑ መኪና በገዛችበት ሳምንት የጻፈችልኝን አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ «አብረኸኝ ስለመጣህ አመሰግናለሁ። ሻጩ ስለ ኋላ ዲፈረንሻሉ ሲጠይቀኝ አንተ የነገርከኝን፣ 2.73 ነው የምፈልገው አልኩት። ነዳጅ አይበላም ያልከው እውነት ነው፣ ዴልመር ግን ቀርፋፋ ነው ብሎ ያሾፍብኛል።»

የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አለፈው፣ ረሳሁት። አንተ ግን አልረሳህም፤ ስታሾፍባት ኖረሃል። ሜዳው ላይ ለነሩዲ 4.10 ብለህ ነግረህ፣ ያንኑ ለእኔ ጻፍክልኝ።

አሁን አልቆጣም፤ ጊዜ የለኝም። በደንብ አንብብ፣ ወይም ኮሪን ታንብብልህ።

መኪናውን አቁሙት። ዛሬውኑ። ነገ ሥራ አትሂድበት። ከጓሮ ወደ ፊት በር እንኳ አታንቀሳቅሱት። ዘይቱ ሞቷል፣ ዲስኮቹም አብረውት እየሞቱ ነው፤ በየትኛው ቀን መያዝ እንደሚያቆሙ እኔም ልነግርህ አልችልም። አቀበት ላይ እንደሚሆን ብቻ አውቃለሁ።

ትናንትና ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አዎ፣ እኔ። ማንም አላነሣም፤ ወይም አንሥታችሁ እኔ አልሰማሁ ይሆናል።

ጥብቅ ኮንቨርተር ሠርቼ ዛሬ በጭነት ልኬልሃለሁ፤ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ይደርስሃል። ሳጥኑ ውስጥ የማርቹን ቅጽ ጨምሬዋለሁ፤ ቁጥሩን በእጅህ አርመህ መልስልኝ። ቡፎርድ መኪናውን በጎታች መኪና ይውሰደው። በጎታች ነው ያልኩህ። ማንም ነድቶት ሐዲዱን እንዳይሻገር።

ኦርቪን


ስሌት ፎርክ
ኦገስት 4 ቀን 1987

ወንድሜ ኦርቪን፣

ስልኩ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ሩዲ መስሎኝ ተውኩት። ኦርቪን ክላይን ስልክ ይደውላል ብሎ ማን ያስባል?

ደብዳቤህን ኮሪን አነበበችልኝ። ስለ ዲፈረንሻሉ ያለውንም ጨምራ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ቁልፉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ቀን ሆነ፣ ሥራ የምትሄደው በሰው መኪና ለምና ነው። እንግዲህ ከዚያ መኪና ወርዳለች፤ ይህን እወቅልኝ።

አዎ፣ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ቅጹን ስሞላ ሩዲ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ስንት ነው የኋላው?» አለኝ፤ 4.10 አልኩት፤ እያየኝ ሌላ ቁጥር እንዴት ልጻፍ? በኋላ አርሜ እልክለታለሁ ብዬ ነበር። ኮንቨርተሩ መጣ፤ ተገጠመ፤ ጮኸ፤ ሰዉ ወደደው። ከዚያ ማን ያርማል? አንተ በጻፍክ ቁጥር ደግሞ እውነቱን ለመጻፍ እቀመጥና የምትለውን አስቤ እተወዋለሁ። ኦርቪን፣ አንተ ፊት መሳሳት ከባድ ነው። ናዲንም ትለው ነበር።

ማቀዝቀዣው ሼዱ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እሱን ለማስገባት የፊት ፍርግርጉ መቆረጥ ነበረበት። የናዲንን መኪና ፊት መቁረጥ አልቻልኩም።

ለቡፎርድ ነገርኩት፤ ሐሙስ ጠዋት አምጣው ብሎኛል። ጎታች አልጠራም። ጎታቹ የሚያልፈው በሃምበርገር ቤቱ ፊት ነው፤ ሩዲ «ጮኻ ጮኻ ሞተች» ሲል ቆሜ መስማት አልፈልግም። ከቤቴ ሐዲዱን ተሻግሮ እስከ ቡፎርድ ሁለት ማይል ነው፣ ዘይቱ ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። ኮሪን ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ ራሴ ቀስ ብዬ እወስደዋለሁ። ዘዴውን ነግራኛለች።

ዓርብ ሳጥንህ ሲደርስ ቅጹን አርሜ እልክልሃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆጣ አንብበው።

ዴልመር


ስሌት ፎርክ
ኦገስት 20 ቀን 1987

አጎቴ ኦርቪን፣

ለቀብሩ ያን ሁሉ መንገድ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ወዲያው ስለተመለሱ አልተቀየምኩም። አሁን ግን ያላወቁትን ልነግርዎ ነው።

ከቀብሩ በኋላ የባቡሩ ነጂ ቤት መጥቶ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ ግባ ብለው አልገባ አለ። «ሞተሩን ከፉጨቴ በላይ ሰማሁት» አለኝ። «ሰውየው ወርዶ ለመሮጥ ጊዜ ነበረው፤ እየረገጠ ነበር። ምን እየጠበቀ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እየጠበቀ እንደነበር አውቃለሁ። አጥብቀህ ርገጥ፣ አስቦ አስቦ ይሄዳል ያልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ዕለት ቡፎርድ ጓሮ ሄድኩ። ከመኪናው የተረፈው እዚያ ነው ያለው። የኋላው ክፍል ብዙ አልተነካም። ለቡፎርድ «ክሪክና ጠመኔ ስጠኝ» አልኩት። «ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?» አለኝ። «አጎቴ ቁጥሩን ይፈልጋል» አልኩት። ጎማውን እኔ አዞርኩ፣ እሱ ዘንጉን ቆጠረ። ጎማው ሁለት ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ከዚያም ሦስት ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሁለት ጊዜ ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሳጥንዎ እንደተባለው ዓርብ ዕለት ደረሰ፤ አባቴ በሞተ በማግስቱ። ትናንት ነው የከፈትኩት። ኮንቨርተሩን እመልስልዎታለሁ። ቅጹ ከላይ ነበር። የአባቴ እጅ ነው፤ 4.10 ያለውን አጥብቆ ስለጻፈው ወረቀቱ በጀርባው በኩል አብጧል። ከቁጥሩ ጎን ግን በእርሳስ፣ በእርስዎ እጅ፣ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «ይጣራ»። የእርስዎን ጽሕፈት አልስተውም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ደብዳቤዎችዎን በሙሉ ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ከቃሉ በታች ቀን አለ፣ ግን እርሳሱ ደብዝዟል፣ ማንበብ አልቻልኩም።

ይህ መቼ ተጻፈ? ማን እንዲያጣራውስ ነበር?

ኮሪን


ማንሲ
ኦገስት 25 ቀን 1987

ኮሪን፣

ቁጥርሽ ትክክል ነው። 2.73።

«ይጣራ» ብዬ የጻፍኩት ማርች 9 ቀን ሰኞ ጠዋት፣ ቅጹ በደረሰኝ ሰዓት ነው። ሊያጣራው የሚገባው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው የለም።

ለአባትሽ ረስቼው ነበር ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ያን ዲፈረንሻል ለእናትሽ የመረጥኩበትን ቀን አንድም ጊዜ ረስቼው አላውቅም። ቅጹን እንዳየሁት ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። አውቄም ኮንቨርተሩን ባዘዘው ቁጥር ሠርቼ ላክሁለት። ሲጮህበት ይጽፍልኛል፣ ሲያፍር ደግሞ በራሱ እጅ ያርመዋል ብዬ ነው።

እሱን ስጠብቅ ነበር።

ኦርቪን